አንድ ባሕር፣ ጎረቤታም መንደሮች፣ የተለያየ በሽታ፦ የዓሣ አጥማጆቹ ጂን ለእኛ ምን ይነግረናል?



የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን ቡናችሁን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። መጨረሻ ላይ ዛሬ ማታ ለእናትና አባታችሁ ደውላችሁ የምትጠይቋቸው ጥያቄዎች አሉ። ምናልባት የአንድ ሰው ሕይወት ሊያተርፉ ይችላሉ።

እስቲ ጎረቤታሞች የሆኑ ሁለት የዓሣ አጥማጅ መንደሮችን አስቡ። በመካከላቸው አንድ ኮረብታ ብቻ ነው ያለው። ቋንቋቸው አንድ ነው። ዓሣቸው አንድ፣ ጀልባቸው አንድ፣ መልካቸውም ይመሳሰላል። ነገር ግን በአንደኛው መንደር ያሉ አንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ልጆች ሲመሽ ማየት ያቅታቸዋል፤ ወጣት ሲሆኑም ዓይናቸው ይጠፋል። በሌላኛው መንደር ደግሞ ምንም ያላመማቸው ጠንካራ ወንዶች በ30ዎቹ ዕድሜያቸው ድንገት ወድቀው ይሞታሉ። አየሩ አንድ፣ ምግቡ አንድ፤ ታዲያ በሽታው ለምን ተለያየ?

ይህ ተረት አይደለም። መልሱን ለማግኘት ወደ ካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ ወደምትባለው ደሴት እንሂድ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

📌 የዓሣ አጥማጆቹ ደሴት

ኒውፋውንድላንድ በካናዳ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች ትልቅ ደሴት ናት። ሰዎችን ወደዚያ የሳባቸው ወርቅ አልነበረም፤ ኮድ የሚባለው ዓሣ ነው። በተለይ ከ17ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ከደቡብ ምዕራብ እንግሊዝና ከደቡብ ምሥራቅ አየርላንድ የመጡ ሰዎች በባሕሩ ዳር ትንንሽ መንደሮች መሠረቱ። አጥኚዎች እንደሚሉት የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከ20 ሺህ እስከ 30 ሺህ ቢሆኑ ነው። ዛሬ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የሚሆነው የአካባቢው ሕዝብ በአብዛኛው የእነዚህ ሰዎች ዘር ነው።

በአንዳንድ መንደር የነበሩት ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ናቸው። ከመንደር ወደ መንደር የሚያደርስ መንገድ የለም፤ መሄጃው ጀልባ ነው፣ ክረምት ላይ ደግሞ በረዶ ነው። ታዲያ ለጋብቻ የደረሰ ወጣት ማንን ያገባል? እዚያው መንደር ያለችውን፣ ወይም ከአጠገቡ ካለው ሰላጤ የምትገኘውን።

ሌላም አጥር ነበር፤ ሃይማኖት። ከእንግሊዝ የመጡት በአብዛኛው ፕሮቴስታንት፣ ከአየርላንድ የመጡት ደግሞ ካቶሊክ ነበሩ። ትምህርት ቤቶቹ እንኳ እስከ 1998 ድረስ በአብያተ ክርስቲያናት ሥር ነበሩ። ልጆቹ አብረው ካልተማሩ አብረው አያድጉም፤ አብረው ካላደጉ ደግሞ መጋባቱ ይከብዳል። ስለዚህ የአንዱ መንደር መብራት ከሌላው መንደር እየታየ እንኳ ሁለቱ ሳይጋቡ ብዙ ትውልድ ሊያልፍ ይችል ነበር።

በራስ ማኅበረሰብ ውስጥ ብቻ መጋባት የሚባለው ይህ ነው። ልብ በሉ፣ የግድ የአጎት ልጅን ማግባት ማለት አይደለም። ምርጫው ጠባብ ሲሆን ባልና ሚስት ሳያውቁት በሩቁ ዘመዳሞች ይሆናሉ ማለት ነው። እሱም በአንድ በኩል ብቻ ሳይሆን በብዙ በኩል።

📌 እፍኝ ባቄላ

ጎረቤታሞች በጂን እንዴት እንደሚለያዩ ለመረዳት ከባድ ሳይንስ አያስፈልግም። አንድ ኩንታል ባቄላ አለ እንበል። አብዛኛው ነጭ ነው፤ በመካከሉ ግን አልፎ አልፎ ቀይ፣ ጥቁር፣ ዝንጉርጉር ፍሬ አለ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ለሁለት ማሳ አንዳንድ እፍኝ ዘር ብትዘግኑ፣ በአንዱ እፍኝ ውስጥ በአጋጣሚ ሁለት ቀይ ፍሬ ሊገባ ይችላል፤ በሌላው ምንም ቀይ ላይኖር፣ ግን አንድ ጥቁር ሊኖር ይችላል። ከዚያ እያንዳንዱን ማሳ ከራሱ ምርት ብቻ እየዘራችሁ አሥር ዓመት ብትቀጥሉ፣ ኩንታሉ ውስጥ ብርቅ የነበረው ቀይ ባቄላ በአንዱ ማሳ የተለመደ ይሆናል።

መንደሮቹም እንዲሁ ናቸው። ሁላችንም፣ አዎ እኔም እናንተም፣ የተበላሹ ጥቂት ጂኖችን እንሸከማለን። ከእያንዳንዱ ጂን ሁለት ቅጂ ስላለን፣ አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት፣ ጤነኛው ቅጂ ብዙ ጊዜ ሥራውን ይሸፍናል። ሳናውቀው እንኖራለን፤ ሳናውቀው ለልጆቻችን እናስተላልፋለን። ችግር የሚመጣው ባልና ሚስት ያንኑ አንድ ዓይነት የተበላሸ ጂን ይዘው ሲገናኙ ነው። ያኔ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ሁለቱንም የተበላሹ ቅጂዎች የመውሰድ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ይኸውም 25 በመቶ ማለት ነው።

በትልቅ ከተማ ሁለት እንዲህ ዓይነት ሰዎች የመገናኘት ዕድላቸው በጣም ትንሽ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ያንን ጂን ይዞ በመጣበት ትንሽ መንደር ግን ዕድሉ ከፍ ይላል። ጥፋት የሠራ የለም፣ «መጥፎ ደም» የሚባል ነገርም የለም። የእፍኙ ነገር ነው።

📌 አንድ በሽታ፣ ስድስት ጂን

አሁን ወደ ዓይናቸው ወደሚጠፋው ልጆች እንመለስ። በሽታው ባርዴት ቢድል ሲንድሮም ይባላል። ሕፃኑ ሲወለድ በእጁ ወይም በእግሩ ላይ ትርፍ ጣት ሊኖረው ይችላል። ከዚያ ክብደቱ ያለ ልክ ይጨምራል፤ ሲመሽ ማየት ያቅተዋል፤ ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል፤ ትምህርት ሊከብደው ይችላል። ብዙዎቹ በወጣትነታቸው ማየት ያቆማሉ።

በአውሮፓ ይህ በሽታ የሚገኘው ከ160 ሺህ ሰው በአንዱ ላይ እንደሆነ ይገመታል። በኒውፋውንድላንድ ግን ከ18 ሺህ ገደማ በአንዱ ላይ ነው። ዘጠኝ እጥፍ ያህል ማለት ነው።

ተመራማሪዎች ሲጀምሩ «ይህማ ቀላል ነው፤ አንድ መሥራች አባት አንድ የተበላሸ ጂን ይዞ መጥቶ በደሴቲቱ ላይ አሰራጭቶታል» ብሎ መጠበቅ ይቻል ነበር። ደሙ ሲመረመር ግን ሌላ ነገር ታየ። በዚያች አንዲት ደሴት ላይ ያንኑ በሽታ የሚያመጡ ቢያንስ ስድስት የተለያዩ ጂኖች ተገኙ። የአንዱ ቤተሰብ ጂን ሌላ፣ የሌላው ቤተሰብ ሌላ።

እንዴት ሊሆን ይችላል? መኪና ባትሪው ቢሞት አይነሳም። ነዳጅ ቢያልቅም አይነሳም። ቁልፉ ቢጠፋም አይነሳም። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁሉም «መኪናው ቆሟል» ነው፤ ምክንያቱ ግን ለየቅል ነው። በሴሎቻችን ላይ እንደ ትንሽ አንቴና የሚያገለግል ክፍል አለ፤ የሚሠራው በብዙ ጂኖች ትብብር ነው። ከእነዚያ ጂኖች የትኛውም ቢበላሽ በሽታው አንድ ዓይነት ይመስላል።

ከዚህ ሁለት ትልልቅ ትምህርቶች እናገኛለን።

👉 አንደኛ፦ የአንደኛውን ጂን ብልሽት የተሸከመ ሰው የሌላኛውን ጂን ብልሽት የተሸከመች ሴት ቢያገባ፣ ልጆቻቸው በአብዛኛው አይታመሙም። ሁለቱ ብልሽቶች አይገጣጠሙምና አንዱ የሌላውን ይሸፍናል። ከመንደር ወጥቶ ማግባት በራሱ መከላከያ ነበር ማለት ነው።

👉 ሁለተኛ፦ ለጎረቤት መንደር የተዘጋጀ የጂን ምርመራ ለእናንተ ላይሆን ይችላል። የእነሱን ብልሽት ብቻ ፈልጎ ካጣ «ነጻ ነህ» ይላችኋል፤ የእናንተው ግን ሌላ ቦታ ተደብቆ ይቀመጣል። ይህንን ነጥብ ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

📌 ምንም ሳያማቸው የሚሞቱት ወንዶች

ሁለተኛው ታሪክ የልብ ነው። በኒውፋውንድላንድ በአንዳንድ ቤተሰቦች ወንዶች በጉልምስናቸው ድንገት ይሞቱ ነበር። አንዱ ሥራ ላይ፣ አንዱ ኳስ ሲጫወት፣ አንዱ በእንቅልፉ። አባት፣ ከዚያ ልጅ፣ ከዚያ የወንድም ልጅ።

በሽታው የልብ ጡንቻ በጊዜ ብዛት በስብና በጠባሳ እየተተካ የሚሄድበት ነው። ጠባሳው የልብን ኤሌክትሪክ ያዛባና ልብ ደም ከመርጨት ይልቅ ዝም ብሎ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሰውየው በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል።

ይህኛው ከመጀመሪያው በሽታ የተለየ ባሕርይ አለው። እዚህ አንድ የተበላሸ ቅጂ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ አባት ወይም እናት ካለባቸው፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ከ2 አንድ ነው። የዘመድ ጋብቻ አያስፈልገውም። ከመሥራቾቹ አንዱ ይዞት መጣ፣ ብዙ ልጅ ወለደ፣ ልጆቹ እዚያው ቀሩ፤ በዚህ ተስፋፋ።

በ2008 በደሴቲቱ ዋና ከተማ በሴንት ጆንስ ያለው የሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥፋተኛውን ጂን አገኙት፤ ቲኤምኢኤም 43 ይባላል። 15 ቤተሰቦች ያንኑ አንድ ብልሽት ተሸክመው ተገኙ። ጂኑን ከያዙትና ካልታከሙት ወንዶች ግማሽ የሚሆኑት 40 ዓመት አካባቢ ሲደርሱ ያልፋሉ። ሴቶቹ ግን አብዛኞቹ ከዚያ በጣም ይቆያሉ፤ ብዙዎቹ እስከ 70ዎቹ ይደርሳሉ። ለዚህ ነው እናቶች ሳይታመሙ ባሎቻቸውንና ወንዶች ልጆቻቸውን የሚቀብሩት፤ አንዳንዷ እናት ደግሞ ጂኑን ራሷ ሳታውቀው ያስተላለፈች ነች።

አስቸጋሪው ነገር ምን መሰላችሁ? ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ ኢሲጂ ሲነሱ ጉልህ ችግር አይታይም። «ልብህ ጤነኛ ነው» ተብሎ የሄደ ሰው ሊሞት ይችላል። የጂን ምርመራው ግን ገና ምልክት ሳይታይ ይለየዋል።

ከተለየ በኋላስ? መፍትሔ አለ። ከአጥንተ አንገት በታች፣ ከቆዳ ሥር የምትተከል ትንሽ መሣሪያ አለች። በሽቦ ከልብ ጋር ትገናኛለች። ልብ ሲዛባ በራሷ ኤሌክትሪክ ሰጥታ ወደ ሥራው ትመልሰዋለች። በደሴቲቱ በተደረገው ክትትል መሣሪያው በጊዜ የተተከለላቸው ወንዶች በ5 ዓመት ውስጥ አንድም አልሞተም፤ ከእነሱ ጋር ከተነጻጸሩት፣ መሣሪያው ካልተተከለላቸው ተመሳሳይ ወንዶች ግን 28 በመቶው ሞተዋል።

ይህ ሁሉ ሥራ የተጀመረው በውድ ማሽን አይደለም። ነርሶችና ተመራማሪዎች ቤት ለቤት እየሄዱ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አያቶችን እየጠየቁ ነው። «ወንድምዎ በስንት ዓመታቸው አረፉ? እንዴት ነበር የሞቱት? ልጆችስ ነበሯቸው?» እያሉ የቤተሰብ ዛፍ ሣሉ። በሽታውን መጀመሪያ ያሳየው ያ ወረቀት ነው።

📌 ሌላ ደሴት፣ ሌላ ጂን፣ ቀላል መድኃኒት

ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በአይስላንድና በኖርዌይ መካከል የፋሮ ደሴቶች አሉ። 18 ደሴቶች ናቸው፤ ነዋሪው 50 ሺህ ገደማ ነው፤ ኑሯቸው ዓሣ ነው። እዚያም ጤነኛ የሚመስሉ ወጣቶች በድንገት የሞቱባቸው አጋጣሚዎች ነበሩ። ሲጣራ ግን የኒውፋውንድላንዱ የልብ በሽታ አልነበረም። ካርኒቲን የሚባል ንጥረ ነገር በሰውነታቸው ውስጥ አይቆይም ነበር። ካርኒቲን ስብን ወደ ሴሉ ምድጃ አስገብቶ ኃይል እንዲሆን የሚያደርግ ተሸካሚ ነው፤ ከሌለ ልብና ጡንቻ ይራባሉ። በሌላው ዓለም ይህ በሽታ በብዙ አሥር ሺዎች አንድ ሰው ላይ ነው የሚገኘው። በፋሮ ከ300 ሰው በአንዱ ላይ ተገኘ።

አንዳንድ የአንቲባዮቲክ ዓይነቶች ካርኒቲንን ከሰውነት ጠርገው እንደሚያወጡ ስለሚታወቅ፣ እንዲህ ላሉ ሰዎች ተራ ኢንፌክሽን ለማከም የተሰጠ መድኃኒት እንኳ አደጋ ሊሆን ይችላል። አገሪቱ ለሕዝቧ የደም ምርመራ አዘጋጀች። ሕክምናውስ? በአፍ የሚወሰድ ካርኒቲን። በቃ! ሳይታወቅ የሚገድል፣ ከታወቀ ግን በየቀኑ በሚወሰድ መድኃኒት የሚያኖር በሽታ ነው።

አሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች፣ ልጃችሁ በተወለደ በሁለተኛው ቀን ገደማ ከተረከዙ ላይ የሚወሰደው የደም ጠብታ ይህንንም በሽታ ጨምሮ ብዙ የተሸሸጉ በሽታዎችን ይፈልጋል። «ሕፃኑን ለምን ይወጉታል?» ብላችሁ እንዳትከለክሉ። ውጤቱንም ጠይቁ።

📌 የእኛስ ነገር?

እዚህ ላይ «እኛ እኮ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባ» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ በብዙ የአገራችን አካባቢ ያለው ይህ ልማድ በሕክምና ዓይን ሲታይ በጣም ጠቃሚ ነው። በቁጥር ልንገራችሁ። የአጎት ወይም የአክስት ልጆች ከጂናቸው 1 ስምንተኛውን ይጋራሉ። በሰባተኛው ትውልድ ላይ የሚገናኙ ሁለት ሰዎች ግን በዚያ መስመር የሚጋሩት በአማካይ 1 ከ8,192 ብቻ ነው። ምንም ያህል ነው።

ግን «በዚያ መስመር» ያልኩት ለምክንያት ነው። ማኅበረሰቡ ትንሽና ዝግ ከሆነ፣ ሁለቱ ሰዎች በአባት በኩል ሰባት ቤት ቢርቁም በእናት፣ በአያት፣ በቅድመ አያት በኩል ደግመው ደጋግመው ይገናኛሉ። የኒውፋውንድላንድ መንደሮች የሚያስተምሩን ይህንን ነው፤ ዘመድ ያላገባ ሰው ሁሉ ከዚህ ነጻ ነው ማለት አይደለም።

በአገራችንም ሰው በመራራቅ ብቻ ሳይሆን በመገለል ጋብቻው ጠቧል። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩ የአሪ ሰዎች መካከል ቀጥቃጮችና አራሾች ጎረቤታሞች ናቸው፤ አይጋቡም ነበር። በጂን ሲመረመሩ በእርግጥም ይለያያሉ። ታዲያ ቀጥቃጮቹ ከሌላ ዘር የመጡ ናቸው? በ2015 የወጣ ጥናት ጉዳዩን በጥልቀት አይቶ ተቃራኒውን አሳየ፤ ሁለቱ የአንድ ሕዝብ ልጆች ናቸው። ልዩነቱን በዋናነት የፈጠረው ቀጥቃጮቹ ተገልለው በትንሽ ቁጥር እርስ በርስ ብቻ እየተጋቡ መቆየታቸው ነው። ያው የእፍኙ ባቄላ ነው!

የጣናን ዳርቻ አስቡ። ዓሣ እያጠመዱ፣ ከደንገል ታንኳ እየሠሩ የኖሩት ወይጦዎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ማዕድና ጋብቻ እንዳይጋሩ ለረጅም ጊዜ ተገልለው ኖረዋል። ሰውን ስናገል የምንነፍገው ክብር ብቻ አይደለም፤ የልጆቹን የጋብቻ ምርጫም እናጠብበታለን። ከዚያ በጠበበው ምርጫ ምክንያት የሚመጣውን ነገር መልሰን «ድሮም ዘራቸው ነው» እንላለን። በደል በበደል ላይ ማለት ይህ ነው።

ሌላም አለ። አንድ ጎልማሳ ድንገት ወድቆ ሲሞት «መጋኛ መታው» እንላለን። ልጅ ዓይኑ ሲጠፋ «ቡዳ በላው» እንላለን። ሐዘንተኛን ለማጽናናት የተባለ ሊሆን ይችላል፤ ግን ጥያቄውን እዚያው ይዘጋዋል። የሟቹ ወንድም ሳይመረመር ይቀራል፤ አምስት ዓመት ቆይቶ እሱም ይወድቃል። በአገራችን የጂን ምርመራ እንደ ልብ አይገኝም፤ እውነት ነው። የቤተሰብን የጤና ታሪክ መጠየቅ ግን ነጻ ነው፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው የሚፈልገው።

📌 እንግዲህ ምን እናድርግ?

✅ የሦስት ትውልድ ዝርዝር ጻፉ። ራሳችሁና ወንድም እህት፣ ወላጆችና አጎት አክስቶች፣ አያቶች። ለእያንዳንዱ፦ በሕይወት አለ? ካለፈ በስንት ዓመቱ? በምን ምክንያት? ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ፋሲካ ወይም ሌላ በዓል ላይ ቤተሰብ ሲሰበሰብ «የአባባ ታላቅ ወንድም በምን ነበር ያረፉት?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ሽማግሌዎቻችን ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ስም ያነሳሉ፤ እኛ ከስሙ ጎን የሞቱን ምክንያት እንጨምርበት።

✅ እነዚህን ምልክቶች በቤተሰብ ውስጥ ካያችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፦
• ከ40 ዓመት በታች ያለ ምክንያት የሆነ ድንገተኛ ሞት፤ «በእንቅልፉ ሞተ» የተባለ ወጣት ወይም ጥሩ ዋናተኛ ሆኖ የሰጠመ ሰው ጭምር
• ሩጫ ወይም ከባድ ሥራ ላይ እያለ ራሱን የሳተ ሰው
• ሲመሽ ማየት የሚያቅተው ልጅ፤ በተለይ ክብደቱም ያለ ልክ ከጨመረ
• በአንድ ቤተሰብ ሁለትና ከዚያ በላይ ልጆች ተመሳሳይ፣ ስሙ ያልታወቀ ችግር ሲኖርባቸው
• ከ50 ዓመት በታች የአንጀት፣ የጡት ወይም የማሕፀን ካንሰር

ስለ ትርፍ ጣት እንዳትደነግጡ። በእኛ አካባቢ ከትንሿ ጣት ጎን ትርፍ ጣት ይዞ መወለድ የተለመደ ነው፤ ብቻውን ከሆነ በአብዛኛው ምንም ጉዳት የለውም። የሚያሳስበው ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር ሲመጣ ነው።

✅ ኢሲጂ ደህና ነው ስለተባለ ብቻ አትዘናጉ። በቤተሰባችሁ ድንገተኛ ሞት ካለ ይህንን ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት። የልብ አልትራሳውንድ፣ የ24 ሰዓት የልብ ምት ክትትልና በየጊዜው መታየት ሊያስፈልግ ይችላል። ተጣርቶ እስኪታወቅ ድረስ ከባድ ስፖርት አቁሙ።

✅ ውጭ አገር ያላችሁ፣ በፖስታ በሚላክ የምራቅ ምርመራ አትታለሉ። ቅድም «ያዙት» ያልኳችሁ ነጥብ እዚህ ይመጣል። ብዙዎቹ የሚፈልጉት የተመረጡ ብልሽቶችን ነው፤ እነዚያም በብዛት የሚታወቁት በሌሎች ሕዝቦች ላይ በተደረገ ጥናት ነው። «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። የቤተሰብ ታሪክ ካላችሁ በሐኪም ትእዛዝ ጂኑን በሙሉ የሚያነብ ምርመራና የጄኔቲክስ ምክር ጠይቁ። ከተቻለ መጀመሪያ የሚመረመረው የታመመው የቤተሰብ አባል ይሁን። የእሱ ብልሽት ከታወቀ ለሌሎቹ መፈለግ ቀላል ነው።

✅ ዘመድ ያገባችሁ ወይም ልታገቡ ያሰባችሁ፣ አትሸማቀቁ። በጤና የተወለደ ልጅ ማግኘት አይቻልም የሚለው ትክክል አይደለም። በማንኛውም እርግዝና ከባድ የተፈጥሮ ችግር የመከሰት ዕድሉ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው፤ የአጎት ወይም የአክስት ልጆች ሲጋቡ በዚያ ላይ ሌላ ከ2 እስከ 3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብዙሃኑ ልጆች ጤነኛ ናቸው። ነገር ግን በቤተሰቡ የታወቀ በሽታ ካለ አደጋው ከዚህ በጣም ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

✅ የታመመ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ጣት መጠቋቆም ይቅር። «ካንቺ ቤተሰብ ነው»፣ «ካንተ ዘር ነው» እየተባለ የፈረሰ ትዳር ብዙ ነው። ሁለት የተበላሸ ቅጂ የሚፈልግ በሽታ ከሆነ ከሁለታችሁም እኩል ነው የመጣው። አንድ ቅጂ የሚበቃው ከሆነም ማንም ጂኑን መርጦ አልተወለደም።

📌 ለማጠቃለል

የኒውፋውንድላንድ መንደሮች ዛሬ ተቀይረዋል። ከ1954 እስከ 1975 ባለው ጊዜ ወደ 300 የሚጠጉ የባሕር ዳር መንደሮች ተዘግተው ነዋሪዎቻቸው ወደ ትልልቅ ቦታዎች ሄዱ። በ1992 ዓሣው በመመናመኑ መንግሥት የኮድ ማጥመድን አገደ፤ 30 ሺህ ያህል ሰዎች ሥራ አጡ፤ ብዙ ወጣቶችም ተሰደዱ። ጂኖቹም አብረዋቸው ሄደዋል። የአንድ ሰላጤ በሽታ የነበረው ዛሬ በሩቅ ከተማ አንድ ክሊኒክ በር ላይ ሊቆም ይችላል፤ ሐኪሙም ሰውየው ከየት እንደመጣና አባቱ በምን እንደሞተ ካልጠየቀ አያገኘውም።

እኛም ከየመንደራችን ወጥተን አዲስ አበባ፣ ዱባይ፣ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ተበትነናል። ሐኪማችሁ አያታችሁን አያውቃቸውም። የአያታችሁን ታሪክ ለሐኪሙ ማድረስ የምትችሉት እናንተው ብቻ ናችሁ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ደውሉ። ሰላምታ ስጡ፣ ጨዋታ አምጡ፣ ከዚያ ጠይቁና ጻፉት።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ጠቃሚ ሆኖ ካገኛችሁት በተለይ ለቤተሰብ ግሩፓችሁ ሼር አድርጉት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ የግል ጉዳይ ከሆነ ግን ስምና ዝርዝር አትጻፉ፣ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።

ጤና ይብዛላችሁ! 🙏